ጥርጣሬው ለማን ይፈረድ?

ወታደር ሲዘምት ከበሮ ይመታል፤ ሲመለስ ፋይል ይከፈታል። ከበሮውን ሁላችንም እንሰማዋለን፤ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ይተላለፋልና። ፋይሉን ግን ማን ያነበዋል? "ጆሮዬ በመድፍ ድምፅ ደነቆረ፣ ወገቤ ተጎዳ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም" ብሎ ካሳ የጠየቀ ሰው "አይገባህም" ሲባል ወዴት ይሄዳል? "አይገባህም" ያለውንስ ባለሥልጣን ማን ይጠይቀዋል? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ያጠነጥናል። ምሳሌዬ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የይግባኝ ሥርዓት ነው።

"ምነው አሜሪካ ድረስ ሄድሽ?" የምትሉኝ አትጠፉም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ክርክሩ እዚያ በጽሑፍ ነው የሚካሄደው። የይግባኝ ሰሚው ቦርድ ውሳኔዎች የባለጉዳዩ ስም እየወጣ ለሕዝብ ይለቀቃሉ፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዲቪ ደርሷቸው ሄደው የዚያን አገር ዩኒፎርም የለበሱ የእኛ ልጆች አሉ። ነገ ከነገ ወዲያ የእነሱም ፋይል እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድነው? አንድ የቀድሞ ወታደር ለአካል ጉዳት ካሳ ሲያመለክት በአጭሩ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። አሁን በሽታ ወይም ጉዳት እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ አንድ ነገር እንደደረሰበት፣ እና ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን። ይሄ ሦስተኛው ነው አንገት የሚያስደፋው። የዛሬው የወገብ ሕመም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከመኪና ከመውደቅ የመጣ ነው ወይስ ከእርጅና? ሐኪም አስተያየት ይሰጣል፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ተቃራኒውን ይሰጣል። ካሳ ይገባል ከተባለ ጉዳቱ ከዜሮ እስከ መቶ፣ በአሥር በአሥር እየዘለለ፣ በፐርሰንት ይለካል። በየፐርሰንቱ ልክ በየወሩ ገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ለባለጉዳዩ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ነው።

ወዳጅህ ራሱ ዳኛህ ሲሆን

ሲጀመር አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት አልነበረም። ይግባኝ ሰሚ ቦርዱ በ1933 ተቋቁሟል፤ ነገር ግን ቦርዱ የዚያው የመሥሪያ ቤቱ አካል ነው። እስከ 1988 ድረስ ቦርዱ "አይሆንም" ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። የቀድሞ ወታደሩን ጥያቄ የሚመረምር ዳኛ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ አልነበረም።

ጠበቃስ? እሱ ደግሞ የባሰ ነው። በ1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ለወታደር ጡረታ ጉዳይ ጠበቃ ከ5 ዶላር በላይ እንዳይቀበል በሕግ ተወሰነ። በ1864 ወደ 10 ዶላር ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ... እዚያው ቀረ! ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፣ ኮርያ አለፈ፣ ቬትናም አለፈ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ፤ ጠበቃው ግን ያው 10 ዶላሩ ላይ ነው። በ10 ዶላር ፋይል የሚያገላብጥ ጠበቃ ከየት ይመጣል? በ1985 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የአቶሚክ ቦምብ ጨረር ያገኛቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር "ይህ ሕግ ጠበቃ እንዳናገኝ ከለከለን" ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉን አጸናው።

ለፍትሐዊነት ሲባል የሌላውንም ወገን ሐሳብ ላስቀምጥ። የሕጉ አሳቢዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። "መሥሪያ ቤቱ የወታደሩ ወዳጅ ነው፤ ክርክር የለም፤ ታዲያ ወታደሩ ካሳውን ከጠበቃ ጋር ለምን ይካፈላል?" ነው ያሉት። ሐሳቡ ደግ ነው። ዛሬም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ በማሰባሰብ ወታደሩን የመርዳት ግዴታ አለበት፤ በ2000 የወጣ ሕግ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። በተራ ፍርድ ቤት ተከሳሽ ለከሳሽ ማስረጃ አይፈልግለትም፤ እዚህ ግን ይፈልግለታል። ይሄ የሚያስቀና ነገር ነው።

ሆኖም ወዳጅህ ራሱ ዳኛህ ሲሆን፣ ወዳጅነቱ ያለቀ ዕለት ለማን ትናገራለህ? ለእኔ የ1988ቱ ሕግ ዋናው ትምህርት ይሄ ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የሆነ፣ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ዳኞቹን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ የሥራ ዘመናቸውም 15 ዓመት ነው። የ10 ዶላሩም ነገር በዚያው ሕግ አበቃ።

ሦስቱ በሮች

አሁን ያለው አካሄድ በ2017 በወጣ ሕግ የተዘረጋ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 2019 ነው። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደገለጸው አንድ ይግባኝ እልባት እስኪያገኝ በአማካይ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅ ነበር። ሰባት ዓመት! አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ሰባተኛን ይጨርሳል።

ዛሬ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ሦስት በር አለው። አንደኛው አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና መጠየቅ ነው። ሁለተኛው አዲስ ማስረጃ ሳይጨምር፣ ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሌላ ባለሙያ ያንኑ ፋይል እንዲያየው ማድረግ ነው። ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ይግባኝ ሰሚ ቦርዱ መሄድ ነው። ቦርዱ ጋ ደግሞ ሦስት ወረፋ አለ፤ ፋይሉ እንዳለ እንዲታይ፣ ማስረጃ ጨምሮ እንዲታይ፣ ወይም ዳኛ ፊት ቀርቦ ለመናገር። ለምርጫው አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በቦርዱ ከተሸነፈ በ120 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ከፍርድ ቤቱም በኋላ የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት አለ፤ እሱ ግን የሕግ ጥያቄ እንጂ "ወገቡ የት ተጎዳ" የሚለውን አያይም።

በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ችግሩ፣ ፍርድ ቤቱ ስህተት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ራሱ አይወስንም፤ "እንደገና እዩት" ብሎ ወደ ቦርዱ ይመልሰዋል። ቦርዱም ወደ ታች ሊመልሰው ይችላል። የቀድሞ ወታደሮች ጠበቆች ይህንን መመላለስ ጎጆዋ ውስጥ ሆና መንኮራኩር ከምታሽከረክር አይጥ ጋር ያመሳስሉታል፤ ትሮጣለች፣ ትሮጣለች፣ ያው ቦታ ናት። "ነገ ተመለስ" የሚለውን ቋንቋ ለምናውቅ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀነ ገደብም ሰው ይበላል። ዴቪድ ሄንደርሰን የሚባል የኮርያ ጦርነት ዘማች ነበር። (የእኛው ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት ማለት ነው።) ሰውየው በከባድ የአእምሮ ሕመም ምክንያት መቶ በመቶ ጉዳተኛ ተብሎ ካሳ ይቀበል ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚረዳው ሰው እንዲመደብለት ሲጠይቅ ቦርዱ ከለከለው፤ ለፍርድ ቤቱ ያመለከተው ከ120 ቀኑ 15 ቀን አሳልፎ ነበር። "ያዘገየኝ ሕመሜ ነው" አለ። ፍርድ ቤቱ "ቀኑ አልፏል፣ ሥልጣን የለኝም" ብሎ መለሰው። ሕመሙን አምኖ ካሳ የሚከፍል መንግሥት ነው ሕመሙን እንደ ምክንያት አልቀበልም ያለው እንግዲህ! በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀነ ገደቡ እንዲህ የማይነቃነቅ አጥር እንዳልሆነ ያለ አንድ ተቃውሞ ወሰነ። ሄንደርሰን ግን ውሳኔውን አልሰማም፤ በ2010 አርፎ ነበር። ክርክሩን የጨረሰችው ባለቤቱ ናት።

እኩል ሲሆን ለማን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን በጣም የማረከኝ አንድ ደንብ አለ። ማስረጃው ግራና ቀኝ ሲመዘን በግምት እኩል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረዳል። በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ ሚዛኑን ትንሽም ቢሆን ወደ ራሱ ማዘንበል አለበት፤ እኩል ከሆነ ይሸነፋል። እዚህ ግን እኩል ከሆነ ያሸንፋል። አዲሱ ፍርድ ቤት በ1990 ይህን ሲያብራራ ልጆች በሰፈር ሜዳ ቤዝቦል ሲጫወቱ ካላቸው ደንብ ጋር አመሳስሎታል፤ ሯጩና ኳሱ እኩል ከደረሱ ለሯጩ ይሰጠዋል።

ለምን ለወታደሩ? እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። መንግሥት "ዝመት" ሲለው ወታደሩ "መጀመሪያ ማስረጃ አሳየኝ" አላለም። ሳያመነታ ሄደ። ሲመለስ ደግሞ ማመንታቱን መንግሥት ይሸከም። ውለታ በውለታ ነው።

ደንብ ግን ብቻውን አይበላም። ቦርዱ "ማስረጃው እኩል አይደለም፣ ወደ መከልከል ያዘነብላል" ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፈ ደንቡ ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ ጥያቄው፦ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማን ይመረምራታል? በ2002 የአሜሪካ ምክር ቤት ፍርድ ቤቱ የጥርጣሬው ደንብ በትክክል መሥራቱን ልብ ብሎ እንዲያይ የሚያዝ አንቀጽ ጨመረ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በበፍኪንና በኮሊንስ መካከል በነበረው ክርክር፣ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ የዚያን አንቀጽ ትርጉም ወሰነ። ብዙኃኑ ያሉት ይሄ ነው፦ ማስረጃው እኩል ነው አይደለም የሚለው በአብዛኛው የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የቦርዱን ውሳኔ የሚሽረው ግልጽ ስህተት ሲያገኝ ብቻ ነው። ሁለቱ ዳኞች ተቃወሙ።

እኔ ከሁለቱ ጋር ነኝ። የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ግን አንድ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ እችላለሁ። ፍርድ ቤቱ ከ2002 በፊትም የቦርዱን የፍሬ ነገር ውሳኔ በግልጽ ስህተት ይመዝን ነበር። ታዲያ ምክር ቤቱ አዲስ አንቀጽ የጨመረው ምን ለመለወጥ ነው? ያው ሚዛን የሚቀጥል ከሆነ አንቀጹ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። እናትህ "ልጁን በደንብ እየው" ብላ ሁለት ጊዜ ስትናገር፣ ሁለተኛው ንግግር ከመጀመሪያው የበለጠ ነገር ፈልጋ ነው።

የሌላው ወገን መልስ ቀላል አይደለም፤ አልደብቀውም። "ምስክሩን ያየው፣ የሐኪሙን ወረቀት ያገላበጠው ቦርዱ ነው። ፍርድ ቤት ሁሉን ከሥሩ ይመርምር ካልን ወረፋው ይረዝማል፤ መዘግየትም በደል ነው" ይላሉ። እውነት አላቸው፣ መዘግየት በደል ነው። ነገር ግን እኔ የምለው ፍርድ ቤቱ ሁሉንም ይመርምር አይደለም። አንዲት ነገር ብቻ፣ ሚዛኑ እኩል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን፣ በራሱ ዓይን ይይ ነው። ይህቺ ነገር እኮ ሙሉውን ጉዳይ የምትወስን ናት! በሩጫ ውድድር የመጨረሻዋን መስመር የሚያይ ዳኛ ከሌለ ሌላው ዳኛ ምን ይሠራል?

ለምን እንደምገፋበት ላሳያችሁ። በቬትናም ጦርነት "ኤጀንት ኦሬንጅ" የሚባል የቅጠል ማርገፊያ መርዝ ይረጭ ነበር። በ1991 የወጣ ሕግ በቬትናም ያገለገሉ ሰዎች በተወሰኑ በሽታዎች ቢያዙ "መርዙ ነው ያመጣው" ተብሎ እንዲገመትላቸው አደረገ። በባሕር ኃይል መርከብ ላይ ሆነው ከባሕር ዳርቻው ራቅ ብለው ያገለገሉትስ? መሥሪያ ቤቱ "መሬት አልረገጣችሁም" አላቸው። በ2008 የፌዴራል ሰርኪዩቱ ፍርድ ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማማ። በ2019 ያው ፍርድ ቤት ሐሳቡን ቀይሮ "የአንድ አገር የባሕር ክልልም አገር ነው" አለ፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ በሕግ አጸናው። ደግ ነው፤ ግን በመካከሉ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ካንሰር አሥራ አንድ ዓመት አይጠብቅም። ጥርጣሬው መጀመሪያውኑ ለማን እንደሚፈረድ በቁም ነገር ቢያዝ ኖሮ፣ ካርታ ላይ ያለች የባሕር መስመር ይህን ያህል ባላከራከረች ነበር።

ፋይሉ ከጠፋስ?

ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደሮች የግል ማኅደር ማዕከል በእሳት ተያያዘ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 ድረስ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ነበር የወደመው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የኮርያ ዘማቾች ታሪክ አመድ ሆነ። አሁን አንድ ሽማግሌ መጥቶ "በ1951 ቆስዬ ሆስፒታል ተኝቻለሁ" ቢል በምን ያረጋግጣል?

ፍርድ ቤቱ በ1991 ለዚህ መልስ ሰጠ። ማኅደሩ በመንግሥት እጅ እያለ ከጠፋ፣ ቦርዱ ውሳኔውን ይበልጥ አብራርቶ የመጻፍ፣ የጥርጣሬውንም ደንብ ይበልጥ ተጠንቅቆ የማየት ግዴታ አለበት። ልብ በሉ፤ ፋይሉ ጠፍቷልና ዝም ብላችሁ ክፈሉ አላለም። ማሸነፊያው ሚዛን አልተለወጠም። ያለው፣ ወረቀቱ ጠፋ ብላችሁ ሰውየውን አታባርሩት፤ የጓደኞቹን ምስክርነት፣ የድሮ ደብዳቤውን፣ የራሱን ቃል መዝኑ፤ ከከለከላችሁም ለምን እንደሆነ ጻፉ ነው።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር እግራቸውን ቆስለዋል። ከተሰናበቱ በኋላ የጉዳት ማስረጃቸውን ፍለጋ አንድ ቢሮ ሲመላለሱ፣ ልጅ ሆኜ አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ "አባባ፣ ፋይልዎ የለም እኮ። ሌላ ማስረጃ ካለዎት ይዘው ይምጡ" ትላቸዋለች። ሌላ ማስረጃ? ማስረጃው እግራቸው ላይ ነው! ደግሞ ያ ፋይል እኛ ቤት አልነበረም የጠፋው። በመጨረሻ መመላለሱን ተዉት። የሚያበሳጨኝ መከልከላቸው ብቻ አይደለም፤ የተከለከሉበት አንድም ደብዳቤ እጃቸው ላይ አለመኖሩ ነው። ደብዳቤ ከሌለ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም። ለቃል ይግባኝ አይባልም።

"አሜሪካ ሀብታም ናት፤ እኛ አቅም የለንም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የካሳውን መጠን በተመለከተ ልክ ነው። ነገር ግን "ፋይሉ የጠፋው በእጄ ነውና ሸክሙን እኔ እሸከማለሁ" ለማለት ስንት ዶላር ያስፈልጋል? ከልክሎ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ለመጻፍስ? ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞቹ

በአሜሪካ ሕግ ቦርዱ የውሳኔውን ምክንያትና መሠረት በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ምክንያቱን በቅጡ ካላብራራ ለዚያ ብቻ ሲባል ውሳኔው ይመለስበታል። ለእኔ ከገንዘቡም፣ ከሦስቱ በሮችም በላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የጥርጣሬው ደንብ እንኳን ያለ ምክንያት አይሠራም፤ ምክንያቱ ካልተጻፈ እኩል ነበር አልነበረም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ይዞ ይጠይቃል?

እዚህ ላይ የእኛ ሥራ ይመጣል። የቀድሞ ወታደር ታሪክ ስንሠራ ምን እናደርጋለን? ሰውየውን እናስለቅሳለን፣ ሜዳሊያውን እናነሳለን፣ ከበስተጀርባ ዋሽንት እንከታለን፣ አለቀ። ስቱዲዮ ገብተን "ልብ የሚነካ ታሪክ" እንላለን። "የከለከሉህን ደብዳቤ አሳየኝ፤ ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? በዜና አጻጻፍ ክፍል ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን እናጠናለን። ቢሮ ስንሄድ ግን "ለምን" የምትባለዋን ቤታችን ትተናት እንሄዳለን። ባለሥልጣኑ "በመመሪያው መሠረት ነው" ሲለን "የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ?" ማለት ነውር ይመስለናል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሦስተኛ ዓመት የምርመራ ዘገባ ትምህርት ሰነድ ማንበብ ይጨመርልን። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የይግባኝ ጉባኤ ውሳኔ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እየተሰጠን "ምክንያቱ ምንድነው? ማስረጃው ምን ይላል? የቱ ተዘለለ?" እየተባልን እንለማመድ። መምህራኖቻችን፣ ይህ ከባድ ጥያቄ አይመስለኝም። ለእናንተም ለጓደኞቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ "ተከለከልኩ" የሚል ሰው ስታገኙ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ደብዳቤውን ጠይቁ። ደብዳቤ ካለ አንብቡት። ከሌለ ደግሞ ዜናው እሱ ነው።

ቸር እንሰንብት!